የነሐሴ በዓላት በላሊበላና በካምፓችን

(ለቡሄና ለአሸንድዬ ዝግጅት በተጠራው የማኅበረሰባችን ስብሰባ ላይ ከአማርኛ ትምህርት ክፍል መምህራን በኩል የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ሐሩር ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በአማርኛ ትምህርት ክፍል መምህራን ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን። በማስታወቂያው ላይ «የበዓል ዝግጅት» ተብሎ ቢጻፍም፣ የተጠራነው ባለፈው ዓመት ነሐሴ በመካከላችን በተፈጠረው ነገር ምክንያት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ወደዚያ እንመጣለን። ነገር ግን ከዚያ በፊት ስለ በዓሉ ስለራሱ ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። በክፍላችን ከሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ የተወለዱት እዚሁ ካኩማ ነው። ባለፈው ሰሞን «ክረምት» የሚለውን ቃል በዓረፍተ ነገር አስገቡ ብለን ስንጠይቅ፣ አንዲት ተማሪ «ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ ነው» ብላ ጻፈች። አልተሳሳተችም፣ ሙሉ ነጥብ ሰጥተናታል። ዝናብ የሚባል ነገር ግን በመልሷ ውስጥ አልነበረም።

የምንናገረው ስለምናውቃት ከተማ ስለ ላሊበላ ነው፤ ከመምህራኑ ሁለታችን የዚያ ተወላጆች ነን። የጎንደሩም፣ የሸዋውም፣ የትግራዩም፣ የራያውም ሰው የጎደለውን ይሙላበት።

ላሊበላ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከበላይዋ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆሞባታል። ጥንት ሮሃ ትባል ነበር። በኋላ በዛጉዌው ንጉሥ በቅዱስ ላሊበላ ስም ተጠራች። ከዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህን ልጆቹ ከመጽሐፍም ያገኙታል። ከመጽሐፍ የማያገኙት የነሐሴን ጭቃ ነው። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሽቅብ ይመጣና ተራራውን ለቀናት ይሸፍነዋል። የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ እንጨቱ ርሶ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ ወደ ገበያ የሚወስደው ዳገት እየሸሸ እግር ይነሣል። ከሁሉም በላይ ጎተራው ባዶ ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገብስ ገና በማሳው ላይ ለምለም ነው፣ አይበላም። ብዙ ቤት ከጎረቤት ቁና እየተበደረ ነው ነሐሴን የሚሻገረው።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ራሽኑ ከተቀነሰ ወዲህ «ሰው በተራበበት ምን በዓል አለ?» የሚል አስተያየት ከአንዳንድ ወገኖች ሰምተናል። አስተያየቱ የሚናቅ አይደለም፣ የቤታቸውን ችግር ስለሚያውቁ የተናገሩት ነው። ይሁን እንጂ በአገራችንም ቢሆን እነዚህ በዓላት የሚውሉት ከዓመቱ ሁሉ እጅ በሚያጥርበት ወር ነበር። የመኸር በዓላት አይደሉም። ልጆቹ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ እናቶቻችን የሚሰጧቸው ከትርፍ አልነበረም።

ወሩ የሚጀምረው በጾም ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ ዓመቱን ሙሉ የማይጾሙ ሕፃናት እንኳ ይህቺን ጾም አይተዉም። በጾሙ መካከል፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ማለት እዚህ አገር ኦገስት 19፣ የደብረ ታቦር በዓል ይውላል። እኛ ቡሄ የምንለው ነው። (በደቡብ ጎንደር ያለችው የደብረ ታቦር ከተማ ስሟ ከዚሁ ተራራ ስም የመጣ ነው፣ እሷም ደገኛ ከተማ ናት።) ጌታችን በታቦር ተራራ ላይ ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን ነው። አባቶች እንደሚተርኩት፣ በዚያ ዕለት ብርሃኑ ስለበዛ በአካባቢው የነበሩ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ በሜዳ ቀሩ። ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ችቦውና ሙልሙሉ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ጅራፉ ደግሞ ከደመናው ውስጥ የተሰማውን የአብን ድምፅ ማስታወሻ ነው።

ወንዶች ልጆች ጅራፉን ከሐምሌ ጀምሮ ነበር የምንገምደው። ከቃጫ ይሠራል፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ጅማት ይታሰርበታል፣ ጅራፍ የሚጮኸው በጫፉ ነውና። ተራራማ አገር ስለሆነ አንዱ ከወዲህ ማዶ ሲያጮኽ ገደሉ ይቀበለዋል፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ ይመልሳል። ማን የበለጠ እንዳስጮኸ ለማወቅ ዳኛ አያስፈልግም ነበር። ማታ ሆያ ሆዬ እያልን በየደጁ እንዞራለን፣ ሙልሙል እንቀበላለን። ያን ሙልሙል ጾሙ ስለሆነ በውኃ የተቦካ ስለመሆኑ ማንም አይጠይቅም፣ እንዲያው ነው የሚጥመው።

አሁን ባለፈው ዓመት ቡሄ ማታ የሆነውን እንናገር። ልጆቻችን ጅራፍ ገመዱ፤ ያስተማርናቸው እኛ ነን። በነሐሴ 12 ምሽት፣ ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ከላጋው ዳር ሆነው አጮኹት። እዚህ ገደል የለም፤ ድምፁ በቆርቆሮው ላይ ነው የሚሄደው። ከላጋው ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን የደቡብ ሱዳንና የሶማሊያ ሰዎች ናቸው። የተኩስ ድምፅ መሰላቸው። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መሬት ላይ ተኙ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ስትሮጥ ወድቃ እግሯ ተጎዳ። ጸጥታ አስከባሪዎች መጡ፣ አምስት ልጆች አደሩ። ብዙዎቻችሁ በጸጥታ አስከባሪዎቹ አዝናችኋል። እኛ ግን በግልጽ እንናገር፦ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከጦርነት ሸሽቶ በመጣ ሕዝብ መካከል በጨለማ ጅራፍ ማስጮህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የነበረብን እኛ መምህራኑ ነበርን። በማግስቱ ከሁለት አባቶች ጋር ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። ሻይ አፍልተው ተቀበሉን። አንድ የደቡብ ሱዳን ሽማግሌ ጅራፉን እጃቸው ላይ ይዘው አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ እሳቸውም ልጅ ሳሉ ከብት ሲጠብቁ እንዲህ ያለ ይይዙ እንደነበር ነገሩን።

የጅራፉ ነገር ይኸው ነው። የከበደው ሁለተኛው ነገር ነው።

ነሐሴ 16 ቀን፣ ኦገስት 22፣ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ነው። ጾሙ ይፈታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በላሊበላ እስከ 21 ድረስ ከተማው የሴቶች ልጆች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዝግጅቱ ከፍልሰታ መግቢያ ይጀምራል። እንሶስላ ይሞቃል፣ ጸጉር ሹሩባ ይሠራል፣ የሌላት ከጎረቤት ቀሚስ፣ ድሪና አልቦ ትዋሳለች። በዋዜማው አሸንድዬ የሚባለው ረጅም ለምለም ሣር ከየወንዙ ዳርና ከየተረተሩ ታጭዶ ይመጣል። ሣሩ እየተጎነጎነ በወገብ ዙሪያ ይታሰራል፤ ስትጨፍር እንደ ቀሚስ ይወዛወዛል። የበዓሉም ስም ከዚሁ ሣር የመጣ ነው። መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ቤተ ማርያም ነው። እዚያ ከበሮ ተመትቶ፣ ተጨፍሮ፣ ምርቃት ከተቀበሉ በኋላ በየሰፈሩ ይበተናሉ። በየቤቱ ደጅ ላይ የባለቤቱን ስም እያነሡ ያወድሱታል። ሰጪውን ይመርቁታል፤ ንፉግ ከሆነም የሚገባውን ሰምቶ ያድራል። ወንድሞች በትር ይዘው ከኋላ ይከተላሉ፣ ማንም እንዳይተናኮላቸው። እኛም ተከትለናል። እውነቱን ለመናገር ከጥበቃው ይልቅ የምናስበው ስለሚደርሰን ዳቦ ነበር።

ለልጆቹ አንድ ነገር እንጨምር። የበዓሉን አመጣጥ በተመለከተ አባቶች ከአንድ በላይ ታሪክ ይነግሩናል። አንዱ ከእመቤታችን ዕርገት ጋር፣ አንዱ ርግብ ለኖኅ ካመጣችው ለምለም ቅጠል ጋር ያያይዙታል። ሦስተኛው ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ነው። ዮፍታሔ ወደ ጦርነት ሲሄድ፣ በሰላም ብመለስ ከቤቴ ደጅ ሊቀበለኝ የሚወጣውን ለእግዚአብሔር አቀርባለሁ ብሎ ተሳለ። ድል አድርጎ ሲመለስ ከበሮ ይዛ፣ እየዘፈነች ልትቀበለው የወጣችው አንዲት ልጁ ነበረች። እሷም ከባልንጀሮቿ ጋር በተራሮች ላይ ሁለት ወር እንድታለቅስ ለመነችው። ከዚያ ወዲህ የእስራኤል ልጃገረዶች በየዓመቱ አራት ቀን ያስቧት ነበር። ይህን ታሪክ ለክፍላችን ልጃገረዶች ስናነብላቸው አንዷ «ጦርነቱን ያሸነፈው እሱ፣ የሞተችው እሷ» አለች። ክፍሉ ዝም አለ፤ እኛም ወደሚቀጥለው ትምህርት አለፍን። መቆየት ነበረብን መሰለን።

ይህ በዓል በላሊበላ አሸንድዬ፣ በሰቆጣ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በአክሱም ደግሞ ዓይኒ ዋሪ ይባላል። ከላሊበላ እስከ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ እስከ ተከዜ ማዶ ያለው ተራራ የተያያዘ ነው፣ ሣሩም ያው ነው። በዚህ ካምፕ ከዋልዳ የመጡት አባቶች እንደሚያስታውሱት፣ ቀድሞ ልጃገረዶቹ በአንድ ከበሮ ነበር የሚዞሩት። ባለፈው ዓመት በሁለት ከበሮ ዞሩ።

እንዴት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እኛ መምህራኑ ማስታወቂያውን ስንጽፍ «የአሸንድዬ በዓል» ብቻ ብለን ጻፍን። ልምምዱንም የሠራነው በአማርኛ ብቻ ነው። የትግራይ እናቶች ልጆቻቸውን ለብቻ አሰለፉ። በሁለቱም ሰልፍ ውስጥ በልምምድ ጊዜ ያልነበሩ ዘፈኖች ገቡ፤ ተዋጊ የሚያወድሱ፣ ሌላውን የሚነኩ ዘፈኖች። በአንድ ብሎክ ውስጥ የአንደኛው ሰልፍ ልጆች ደጅ ላይ ሲጨፍሩ፣ የቤቱ እመቤት ወጥታ ምንም ሳትናገር በሩን ዘጋችው። ልጇን በጦርነቱ ያጣች እናት ናት። ልጆቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ እንደ ልማዱ የንፉግ ዘፈን ዘፈኑባት። ይህን ስንሰማ የተሰማንን ኀፍረት እዚህ ልንገልጸው አንችልም።

ደግሞ አንዲት ልጅ አለች። አባቷ ከሰቆጣ፣ እናቷ ከመቀሌ ናቸው። «እኔ በየትኛው ልሂድ?» ብላ መጥታ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ሹሩባዋን እንደተሠራች፣ ሦስቱንም ቀን ቤቷ ዋለች።

ወገኖቻችን፣ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። የዚያ ዓመት ነሐሴ 16 ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች፤ እኛ በነበርንበት ሰፈር ከበሮ አልተመታም፣ ሣርም የታጨደ አላየንም። ከዚያ አስቀድሞ፣ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ፣ በትግራይ ከተሞችና ገጠሮች የደረሰውን ደግሞ እዚህ የተቀመጡት የትግራይ እናቶች ያውቁታል፤ እኛ ልንነግራቸው አይገባም፣ እነሱ ሊነግሩን ቢፈልጉ እንሰማለን። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተፋፋመ፣ ላሊበላም እንደገና ተኩስ ሰማች። ማን ጀመረ፣ ማን የበለጠ አጠፋ የሚለውን በዚህ አዳራሽ ልንፈርድ አንችልም፤ ብንሞክርም ነሐሴ 16 ከመድረሱ በፊት አንጨርሰውም። የሰፈራችን ልጃገረዶች ግን አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት ናቸው። አብዛኞቹ ላሊበላንም መቀሌንም አላዩም።

ስለዚህ ሐምሌ ውስጥ ከሁለቱም ወገን እናቶች ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኝተን ከተነጋገርን በኋላ ያቀረብነው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ በጩኸት እንደተበተነ አንደብቃችሁም። ሁለተኛው ቡና ስለተፈላ የተሻለ ነበር።

ማስታወቂያው ላይ አምስቱም ስሞች በፊደል ተራ ይጻፋሉ፦ ሶለል፣ ሻደይ፣ አሸንዳ፣ አሸንድዬ፣ ዓይኒ ዋሪ። ሶለል መጀመሪያ መምጣቱ የራያዎች ተንኮል አይደለም፤ ሰ ከአ ስለሚቀድም ነው። ሰልፉ አንድ ይሆናል፣ ከበሮውም አንድ። በየደጁ በትግርኛም፣ በአማርኛም፣ በኽምጣናም ተራ በተራ ይዘፈናል። ኽምጣና የሚችሉ ሁለት እናቶች ለማስተማር ፈቃደኛ ሆነዋል፣ እስካሁን የማንም ልጅ ያልተማረው እሱን ነበር። የጦር መሪም ሆነ ተዋጊ የሚያነሣ ዘፈን ከየትም ወገን ቢሆን አይገባም። የንፉግ ዘፈንም ዘንድሮ ይቅር ብለናል። ይህ ልማዱን ያጎድላል ብለው የተከራከሩን አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ያጎድላል። ነገር ግን በየትኛው በር ኋላ ምን እንዳለ ስለማናውቅ ይቅር። ሐዘን ያለበት ቤት በሩ ላይ ምልክት እንዲያደርግ አንጠይቅም፤ የተዘጋ በር ሲገኝ ልጆቹ መርቀው ያልፋሉ።

ዙረቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተጀምሮ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ያበቃል። ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት እናቶች አብረው ይሄዳሉ፣ ወንድሞችም እንደ ልማዱ ከኋላ። እምነታቸው ሌላ የሆነ ኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻችን ደጃቸውን ከከፈቱልን ደስ ይለናል፣ ካልከፈቱም ቅሬታ የለንም። ስጦታ ግዴታ የለበትም፤ አንድ ብርጭቆ ስኳርም ይበቃል፣ ምርቃት ብቻም ይበቃል። ባለፈው ዓመት የተሰበሰበው ገንዘብ የት ገባ የሚል ጥያቄ ስለተነሣ፣ ዘንድሮ በዕለቱ ማታ በሕዝብ ፊት ይቆጠራል። ግማሹ ለልጃገረዶቹ የጋራ ምሳ፣ ግማሹ ለደብተር እንዲሆን ልጃገረዶቹ ራሳቸው ወስነዋል። እኛ ሁሉም ለደብተር ይሁን ብለን ነበር፤ አልሰሙንም።

ጅራፍ በነሐሴ 13 በቀን፣ በኳስ ሜዳው ላይ ብቻ ይጮኻል። ለብሎክ መሪዎች፣ ለጸጥታ አስከባሪዎችና ለላጋው ማዶ ጎረቤቶቻችን አስቀድመን እናስታውቃለን፤ እነዚያን ሽማግሌም በክብር ጠርተናቸዋል። ችቦ አንድ ብቻ ይሆናል። እንጨት ፍለጋ ወደ ጫካ መውጣት ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ስለሚያጣላ ማንም ልጅ እንዳይላክ፤ የቻለ ቤት ከራሱ ማገዶ አንዲት ጭራሮ ያምጣ። ለሙልሙሉ ዳቦ ቤት ያላቸው ወንድሞች ምድጃቸውን በነፃ ሰጥተውናል፣ ዱቄቱ ገና አልሞላም።

ስለ ሣሩ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። አሸንድዬ እዚህ አይበቅልም። ባለፈው ዓመት አንዱ ሰልፍ አረንጓዴ ፌስታል ቀዶ ነበር የታጠቀው፣ ሌላው የተቀባ ጆንያ። ዘንድሮ ቅርጫት ከሚሠሩት የቱርካና እናቶች እርጥብ የዘንባባ ቅጠል እንገዛለን፤ ዋጋውን ተነጋግረን ጨርሰናል። እንደ ሣሩ አይወዛወዝም፣ ትንሽ ይኮሰኩሳል። ከውስጥ ወፈር ያለ ቀሚስ አልብሷቸው።

ልምምዱ በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በትምህርት ክፍላችን ይጀመራል። ያቺ ባለፈው ዓመት ቤቷ የዋለችው ልጅ ከበሮ መቺ እንድትሆን ልጃገረዶቹ መርጠዋታል፣ እናቷም አባቷም ተስማምተዋል። አንድ ችግር ቀርቷል። ከሁለቱ ከበሮዎች አንዱ የተዋስነው ስለነበረ ባለቤቱ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ይዞት ሄዷል፣ የቀረው ደግሞ ቆዳው ተሰንጥቋል። በዚህ ሳምንት ፍየል የሚያርድ ሰው ካለ ቆዳውን እንዳይጥለው አደራ እንላለን። መወጠር የሚችሉ አባት አሉን።